የአጃው ግርድ

ጎሬ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1918 ዓ.ም.

ዛሬም ዝናቡ አላባራም። የስልኩ መስመር እስከ መቱ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሁሩሙ አጠገብ ዛፍ ወድቆበት ተቆርጧል። የመስመር ጠባቂያችን ደርበው ጠዋት ገጀራውን ይዞ ወጣ። እኔ የስልክ ቤቱ ሹም ተብዬ፣ የማይጮህ ስልክ ፊት ተቀምጬ ዋልኩ። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ሐሳብ አያጣም። ሚስቴ አበባየሁ ወሯ ገብቷል።

ሁለት ልጆች ቀብረናል። አንድ ጊዜ ጽፌው ልለፍ። ሁለቱም አርባ ቀናቸው ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሱ ነው የሄዱት። የእናታቸው ጡት ደረቀ፣ አለቀ። ዘንድሮ ግን አጃ አለኝ። በአገሬ በቡልጋ አራስን የሚያነሣት የአጃ አጥሚት ነው። እናቴ ሁላችንንም በዚያ ነው ያሳደገችን፤ ከሞት የተረፍነውም ብዙ ነን።

እዚህ አገር አጃ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም ይጠይቀኛል፤ እኔም ማስረዳት አይሰለቸኝም። አጃ ስንዴ ነው፤ የጥንት ስንዴ። እንደ ሌላው ስንዴ በበሬ እግር ስለተወቃ ብቻ ልብሱን አይጥልም። ሙቀጫ ገብቶ በዘነዘና ካልተመታ ፍሬው አይወጣም።

አምና እናቴ ከላከችልኝ ዘር በጓሮዬ ዘራሁ። እንደ ቡልጋ ሥርዓት በሐምሌ አቦ ማግስት ዘራሁት። ጎረቤቱ ሁሉ «እዚህ እኮ ዝናቡ እስከ ኅዳር አይለቅም» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ከአባቶቼ ቀን አልወጣም አልኩ። ጥቅምት ላይ ሊደርስ ሲል ዝናብ መትቶ አስተኛው፤ ገሚሱ ዛላው ላይ እንዳለ በቀለ። የተረፈውን ሰብስቤ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ አደረቅሁት። ፍሬው ቀጭን ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል፤ ቢሆንም አጃ ነው። የሰጠኝ ይመስገን።

ሐምሌ 27 ቀን

የደርበው ሚስት ምንዳዬ አጃውን ልትወቅጥልን መጣች። የሁሩሙ ልጅ ናት፤ ሳቂታ። ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ሕፃን ግን ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ልጅቷን አይቼ ፊቴን አዞርኩ። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ወር ማየት አልፈልግም።

ዱቄቱ ጠቆረ። በወንፊት አስነፋሁት፣ አሁንም ጠቆረ። ይህን ለሚስቴ ልሰጥ ነው? ከግሪኩ ሱቅ ስስ ሻሽ ገዝቼ መጣሁና በሻሽ ይነፋ አልኩ። እንደ ጥጥ ነጣ።

ልጅ ሆኜ እናቴ በባላባቱ ቤት ትፈጭ ነበር። ለእመቤቲቱ የሚቀርበው አጥሚት ነጭ ነበር፤ እኛ ቤት የሚጠጣው ቡናማ። በር ላይ ቆሜ ያንን ነጭ ጽዋ ያየሁት ዛሬም አይረሳኝም። እነሆ ሚስቴ እንደ እመቤት ነጩን ልትጠጣ ነው። ከዚህ በላይ ምስጋና የሚገባው ነገር አላውቅም።

ሻሹ ላይ የቀረውን ግርድ ምንዳዬ አየችውና «ጋሼ፣ ይህንንስ ምን ላድርገው?» አለች። «ለዶሮ እንዳልል ዶሮ የለኝም፤ ውሰጂው» አልኳት። «ቶሌ፣ እሺ ጋሼ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። ትንሽ ሰጥቶ ብዙ መመስገን ደስ ይላል፤ ለምን እዋሻለሁ።

ነሐሴ 5 ቀን

ወንድ። ንጋት ላይ። እሷም ደህና ናት። አማቴ እትዬ ሀረገወይን ከመቱ ትናንት ባይደርሱ ምን ይውጠን ነበር። ለዛሬ ይብቃ። ተመስገን፣ ተመስገን።

ነሐሴ 8 ቀን

እስከ ክርስትናው ማሙሽ ነው የሚባለው። ሰው እንዳያየው አዝዣለሁ። ያመሰገነው ሁሉ መልካም ዓይን የለውም። እትዬ ሀረገወይን ብቻ ይግቡ፤ ለሥራ ደግሞ ምንዳዬ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ።

የአበባየሁን ምግብ ራሴ ነኝ የማዝዘው። ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ እንዲህ ሲል አይቼ አላውቅም ብለው አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ይሳቁ። ጎመን ሆድ ይነፋል፣ ባቄላም እንደዚሁ፣ ሥጋ ይከብዳል። ነጭ አጥሚት በማር፤ ጧት እሱን፣ ቀን እሱን፣ ማታ እሱን።

ነሐሴ 11 ቀን

«እግሬን ይነዝረኛል» አለች። ከመውለድ የተረፈ ድካም ነው።

ነሐሴ 14 ቀን

ጡቷ እያነሰ ነው።

የልጁ ልቅሶ ድምፅ የለውም። አፉን ይከፍታል፣ የሚወጣው ግን እንደ ጉንፋናም ሰው ሹክሹክታ ነው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

አጥሚቱ ይጨመር አልኩ።

ማታ አማቴ ደጅ ድረስ ተከትለውኝ ወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይቺ ምንዳዬ ጡቷ ሙሉ ነው። ለጥቂት ቀን ታጥባልን» አሉ። እኔም «እትዬ፣ ይህ አይሆንም» አልኩ። አይሆንም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ያጠባች ሴት እናት ናት፤ ባሏም አባት ነው። ልጆቹም ወንድምና እህት ይሆናሉ፤ እስከ ዕድሜ ልክ የማይፈታ ዝምድና ነው። ደርበውን እወደዋለሁ፤ ታማኝ ሰው ነው። ግን ነገ ከሰው ፊት «ልጃችን» ሊለኝ ነው። አማቴ ብዙ አልተከራከሩም፤ «እንዳልክ» ብለው ገቡ። እንዲህ የሚያከብሩኝ አማት ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ።

ነሐሴ 19 ቀን

ይህን ቀን በደስታ ልጻፈው። እናቴ አጃ ላከችልኝ! ነጋዴው ዴዴሳ ሞልቶበት ከወንዙ ማዶ ሰንብቶ፣ በቅሎው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ደረሰ። እግሩን አጠብኩለት። ሌላ የምከፍለው ክብር አላገኘሁም።

ሁለቱን አጃ በሁለት መዳፌ ይዤ ወደ ብርሃን ወጣሁ። ያው ዘር ነው እኮ፤ የኔው የተወለደው ከሷው ማሳ ነው። የኔው እንደ ሽማግሌ ተጨማዶ ጠቁሯል፤ በእፍኝ ሲይዙት ምንም አይከብድም። የእናቴ ግን ቀላ ብሎ ሞልቷል፤ ጥርስ ላይ ቢያደርጉት እንደ ድንጋይ ይላል። የዚያ አገር መሬት ሲያጠጣ ያጠጣል፣ በቃ ሲለው ደግሞ ፀሐይና ብርድ ብቻ ነው። የኔው ውሃ ውስጥ አድጎ ጭስ ውስጥ የደረቀ ነው፤ ምን ያድርግ።

ነጋዴው የእናቴን ቃልም አደረሰኝ፤ «ሳትነፉ ከነግርዱ ፍጩት፤ ለአራሷ እንዲያው ስጧት ብላለች እማማ አስካለማርያም» አለኝ። ሳቅሁ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ምስኪን እናቴ አሁንም ከግርድ የማንላቀቅ ድሆች እንመስላታለን። ልጇ ሻሽ ገዝቶ እንደሚያስነፋ ብታውቅ እንዴት ደስ ባላት።

ነሐሴ 20 ቀን

አስነፋሁት። ከፊተኛውም ይልቅ ነጣ። ግርዱ በዝቶ ምንዳዬ በቁና ተሸክማ ሄደች። አሁንስ ይበቃል ልላት ነበር፤ ስታየኝ ጊዜ ግን ተውኩት። ከተትረፈረፈ ቤት ይውጣ።

ነሐሴ 24 ቀን

እግሯ አበጠ። ጣቴን ብጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች። ልጁ ጡት ያዘና ተወው። ያዘና ተወው።

መምሬ ገብረ ሥላሴን ጠራሁ። ጸሎት አደረሱ፣ ጠበል ረጩ። ሲወጡ «ካስፈለገ አርባው ሳይደርስም እናጠምቀዋለን» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። አይ፣ በአርባው ነው የሚጠመቀው። በአርባው።

የተሻለ አጃ አምጥቼ፣ የተሻለ ነፍቼ፣ ምን ቀረኝ? እትዬ ሀረገወይን ትክ ብለው አዩኝና ጽዋውን አነሡ።

ነሐሴ 28 ቀን

ዛሬ ከስልክ ቤት ስመለስ ልጁ ጠግቦ ተኝቷል። ከአፉ ጥግ ወተት ወርዷል። ወተት! አጃው ያዘ። የእናቴ አጃ ያዘ!

ጳጉሜን 1 ቀን

ቀን ቀን ይጠግባል፤ ማታ እኔ ስኖር ግን ይነጫነጫል። እትዬ ሀረገወይን «የአባት ድምፅ ሲሰማ ይቀብጣል» አሉኝ። አቀፍኩት። ከራሱ ላይ የኮሰረት ቅቤ ሸተተኝ። አበባየሁ ከወለደች ወዲህ ቅቤ አልተቀባችም። አማቴ ይሆናሉ፤ እንጃ፣ እሳቸውም በስተርጅና ማጌጥ አምሯቸው ይሆናል።

ምንዳዬ በማድ ቤቱ በር ስታልፍ አየኋት። ያች ከስታ የነበረችው ልጇ ጉንጯ ተነፍቷል፤ የአንጓዋ ሥጋ ተደራርቧል። የሁሩሙ ሰው ማር ስለሚበላ ይመስለኛል። የሰውን ልጅ አይቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ለራሴም አስገረመኝ።

ጳጉሜን 3 ቀን

አበባየሁ ዛሬ ያለ ግድግዳ እስከ በሩ ሄደች። እግሯም ጎደለ። አጥሚቱን ጽዋውን አንጠፍጥፋ ነው የምትመልሰው።

እትዬ ሀረገወይን ግን ከስተዋል። «ጉልበቴ ከዳኝ፣ እግሬንም ይነዝረኛል» ይላሉ። አራስ ማስታመም ቀላል አይደለም። ስለ እኔ ብለው እንዲህ መድከማቸው ልቤን ነካው። ለበዓሉ ቀሚስ እገዛላቸዋለሁ።

በጓዳ በኩል ሳልፍ «ዝም በይ፣ መጣ» ሲባል ሰማሁ። ለዘመን መለወጫ የሚያዘጋጁልኝ ነገር አለ።

መስከረም 1 ቀን 1919 ዓ.ም.

ሦስታችንም በሕይወት ተሻገርን። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መስከረም 3 ቀን

በየት ልጀምር።

ወደ ቡሬ የሚሄደው መስመር ስለተቆረጠ ከደርበው ጋር ወጥተን ነበር። ሽቦው ሳይበቃን ቀርቶ እሱ እዚያው ቀረ፤ እኔ ሌላ ሽቦ ልወስድ ተመለስኩ። በዚያ ሰዓት ቤቴ ገብቼ አላውቅም። የአራሷ ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

ምንዳዬ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ ጡቷ ልጇ፣ በሌላው ልጄ። ማሙሽ በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚጠባው፤ የቸኮለ፣ ጉሮሮው የሚሰማ። አበባየሁ ከጎኗ ጥቁር ገንፎ በጣቷ እየጠቀለለች ትበላለች። እትዬ ሀረገወይን እኔ ያዘዝኩትን ነጭ አጥሚት ይዘዋል፤ ጽዋው ከአፋቸው አልወረደም። ሁሉም አዩኝ። አማቴ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ደህና ዋላችሁ» ብዬ ወጣሁ። በገዛ ቤቴ፣ እንደ እንግዳ።

ጓሮ ሄጄ ቆምኩ። ተቆጥቼ ነበር፤ እውነቱን ነው። የታዘዘ ነገር አልተፈጸመም፣ ተዋሽቻለሁ፣ የቤቴ ሴቶች በአንድ ልብ አሞኝተውኛል። ስልኩ ጠፋ ብለው የሚመጡ ሰዎች ላይ የምጮኸውን ያህል ልጮህ ፈልጌ ነበር። ከዚያ ልጁ ውስጥ ሆኖ አለቀሰ፤ ጡቱን ስላቋረጡት ነው። ድምፅ ነበረው። ኃይለኛ፣ የተቆጣ ድምፅ። እኔ ደግሞ በዚያ ድምፅ ላይ የምቆጣበት አፍ ከየት አመጣለሁ። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።

ማታ አበባየሁ ራሷ ጀመረችው። «ልጁ ሊሞት ነበር፣ ወንድይራድ» አለች። «ያን ዕለት ጡት መያዝ ሲያቅተው እናቴ ምንዳዬን ጠራቻት። አንተን እያከበርኩ ሁለት ቀብሬያለሁ። ሦስተኛውን አልቀብርም አልኩ።»

ያኔም የምትበላውን ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ገንፎውስ?» አልኩ።

«የምንዳዬን ልጅ አየናት። በሐምሌ ምን ትመስል ነበር? አሁንስ? እናቴ ምን ብትበዪ ነው ብላ ጠየቀቻት። ‹የጋሼን ግርድ፣ በየቀኑ ማርቃ አገነፋለሁ፤ ሌላ ምን አለኝ› አለች። እናቴም እንሞክረው አለች። ከሷው ግርድ እየተካፈልኩ መብላት ጀመርኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ እግሬ ለቀቀኝ፤ ኋላም የገዛ ጡቴ መለሰ። አሁን ምንዳዬ የምታጠባው ለመደገፍ ያህል ነው።»

«ነጩን እትዬ ይጠጡታል?»

«ብንደፋው ታየዋለህ። እሷም ጠጥታ ጠጥታ ጉልበቷ ከዳት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እጇን ጀርባዬ ላይ አደረገች። ተኝቻለሁ ብላ እንድታስብ ዝም አልኩ፤ እሷም ያሰበች መሰለች።

መስከረም 5 ቀን

ከእናቴ አጃ ከነግርዱ አስፈጨሁ። አጥሚቱ ቡናማ ሆነ። ራሴ ጠጣሁት። ጣዕሙ የልጅነቴ ቤት ነው፤ እመቤቲቱ ነጩን እየጠጡ እኛ የጠጣነው። እናቴ ያን ሁሉ ልጅ ያሳደገችው ድሃ ብትሆንም ሳይሆን ድሃ ስለሆነች ነበር ማለት ነው። የላከችልኝን ቃል ሰምቼ የሳቅሁትን ሳቅ መመለስ ብችል። በስልክ አዲስ አበባ ላለ ወዳጄ «ወደ ቡልጋ የሚሄድ ሰው ስታገኝ፣ ልጅሽ ከነግርዱ እየፈጨ ነው በልልኝ» አልኩት። ሥራ የበዛበት ሰው ስለሆነ ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

ለአማቴ ጎመን በሥጋ ተሠራላቸው።

መስከረም 7 ቀን

ዘር ያስቀረሁትን ዘራሁ። በሐምሌ አቦ አይደለም፤ አቦ ይቅር ይበሉኝ። ውሃ በማይቋጥረው ተዳፋት ላይ ነው የዘራሁት። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ካገኘው እንደ ሰው ይሞላል ይሆናል። ጎረቤቶቼ ዘንድሮ አልሳቁም፤ አንዱ እንዲያውም ዘር አበድረኝ አለኝ።

መስከረም 9 ቀን

ክርስትና ተነሣ። በአርባው። የክርስትና ስሙ ወልደ ማርያም ተብሏል። መምሬ ገብረ ሥላሴ ውሃ ሲያፈሱበት የጮኸው ጩኸት ቅጽሩን አልፎ ተሰማ፤ ሴቶቹ «ምን ያለው ነው» እያሉ ሳቁ። እኔ እንዲያመሰግኑት ፈቀድኩ። ዛሬ ማንንም ዓይን አልፈራሁም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ልጁን ምንዳዬ ትያዘው አልኩ። አንድ የማከብራቸው ሰው መንገድ ላይ «ይቺ ማናት?» ብለው ጠየቁኝ። «የጡት እናቱ ናት፤ የደርበው ባለቤት» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ትንሽ ከብዶኝ ነበር። ከወጣ በኋላ ግን ምንም አልሆንኩም። ሰውዬውም «እግዜር ያሳድግልህ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ድግሱ ላይ ደርበው እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል ከጎኔ አስቀመጥኩት። አንድ መሶብ ቀረብን። ጎርሼ ጎርሼ፣ መጨረሻ ላይ አልቻልኩም።

«ደርበው፣ ያንን ግርድ የሰጠኋችሁ የሚጣል ነገር መስሎኝ ነው» አልኩት። «ደግ ሆኜ አይደለም።»

«እናውቃለን፣ ጋሼ» አለ፣ እንጀራውን እየቆረሰ።

«ምንዳዬም ታውቃለች?»

«እሷማ ያን ዕለት ማታውኑ ነግራኛለች። ለዶሮ የሚሆነውን ሰጡን አለች።»

አንገቴን ደፋሁ። «ታዲያ እንደዚያ እያወቀች ልጄን ለምን አጠባች?»

ደርበው የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅሁት ሁሉ አየኝ። ሰው ፊት ባይሆን ይስቅብኝ ነበር። «ልጅዎ ሲያለቅስ ማድ ቤት ሆና ትሰማዋለች እኮ» አለ። «የምታጠባ ሴት ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማች ወተቷ በራሱ ይፈሳል። የማን ልጅ ነው ብሎ አይጠይቅም። ቀሚሷ ረጥቦ ቤት ትገባ ነበር፤ መጨረሻ ላይ እትዬ ሲጠሯት ሮጣ ነው የገባች።»

ጎርሼ የያዝኩትን አላምጬ ዋጥሁ፤ እሱም ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ምንዳዬ ከሴቶቹ መካከል ቀና አለች፤ እጇን ነጠላዋ ላይ ጠረገችና እንደምትነሣ እንደማትነሣ ሆና ወደ እኔ ተመለከተች። እንግዶቹ ሁሉ እያዩን ነበር። ተነሥቼ ሄድኩና የአራሷን ክፍል በር ከፈትኩላት።